ከደረጃው ሥር የቀረ ስብከት

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ወገኖቼ። ዛሬ ስለ አንድ የስፔን ፊልም ላወራችሁ ነው። «ማር አዴንትሮ» ይባላል። በ2004 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ኦስካር ያገኘ ነው። ታሪኩ እውነተኛ ነው። ራሞን ሳምፔድሮ ጋሊሺያ ከሚባለው የስፔን ክፍል የሆነ መርከበኛ ነበር። በ1968፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ ባሕር ውስጥ ዘሎ ሲገባ አንገቱ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አልጋ ላይ ኖረ። ሰው ረድቶት እንዲሞት ፍርድ ቤት ጠየቀ፤ አልተፈቀደለትም። በ1998 በሰው እጅ የቀረበለትን መርዝ ጠጥቶ ሞተ።

ከፊልሙ አንድ ቦታ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። እንደ ራሞን ከአንገቱ በታች ሽባ የሆነ ካህን ሊመክረው ይመጣል። ጠባቡ ደረጃ ግን ዊልቸሩን አላሳልፍ ይላል። ራሞንም አልወርድም ይላል። አንድ ወጣት የካህኑን ቃል ይዞ ይወጣል፣ የራሞንን ይዞ ይወርዳል። በመጨረሻ ሁለቱ ከላይና ከታች ይጯጯኻሉ። ተመልካች ይስቃል። እኔን ግን አሳዘነኝ።

ይህ ካህን ቀደም ሲል በቴሌቪዥን፣ ራሞን ከቤተሰቡ ፍቅር ሳይጎድልበት አይቀርም ብሎ ነበር። ማኑዌላ ሰምታዋለች። የራሞን ወንድም ሚስት ናት። የምታጎርሰው፣ የምታጥበው፣ እንደ ልጇ የምታየው እሷ ናት። ካህኑን ፊት ለፊት ወቀሰችው። እውነቷን ነው!

አቋሜን አልደብቅም። ሕይወት የእግዚአብሔር ናት። «አትግደል» ሲል የራሳችንንም ነፍስ ይጨምራል። ፊልሙም አድልቷል እላለሁ፤ መኖርን የመረጠውን አካል ጉዳተኛ መሳቂያ አድርጎታልና። ስፔን ውስጥ እንዲህ ያለ ካህን በእውን ነበር። አባ ሉዊስ ዴ ሞያ ይባላሉ፤ ከክህነታቸው በፊት ሐኪም ነበሩ። በ1991 በመኪና አደጋ ሽባ ሆኑ። እስከ 2020 ዊልቸር ላይ ሆነው በክህነታቸው አገለገሉ። የእሳቸውን ሕይወት የሚያሳይ ፊልም ባየሁ!

ቢሆንም እውነት ከደረጃ ሥር ስትጮህ ሰው ጆሮ አትደርስም። በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ የምናስበውን መፃጉዕ አስታውሱ። 38 ዓመት ተኝቶ ነበር። ጌታ መልእክተኛ አልላከበትም። ራሱ አልጋው ድረስ ሄደ። መጀመሪያም ጠየቀው፦ «ልትድን ትወዳለህን?» የሰውየው መልስ «ሰው የለኝም» ነበር። ጌታ ያን ብሶት ቆሞ ሰማው።

እስቲ የራሳችንን አጥቢያ እንይ። መግቢያው ላይ ስንት ደረጃ አለ? ዊልቸር ላይ ያለው ወንድማችን የት ሆኖ ያስቀድሳል? ብዙ ጊዜ ግቢው ውስጥ ነው፣ ፀሐይ ላይ። ሽባውን በቃሬዛ ተሸክመው ጣሪያ የነደሉት አራት ሰዎች ታሪክ ሲነበብ፣ እሱ ከውጭ በድምፅ ማጉያ ይሰማዋል።