«አንተ እኮ ፓርት ታይም ነህ!»፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የምንሰማቸው የተሳሳቱ ወሬዎችና እውነታው

ቅዳሜ ጠዋት ደሴ፣ ከሰዓት ኮምቦልቻ። ሁለት ኮሌጅ፣ ሦስት ኮርስ፣ አንድ ቦርሳ። በመሃል 23 ኪሎ ሜትር አለ። የሃረጎን ጠመዝማዛ በጉም ውስጥ በሚኒባስ ስትወርድ የከሰዓቱን ትምህርት በሆድህ እየከለስክ ነው፤ ኮምቦልቻ ስትደርስ ደግሞ ጃኬትህን ታወልቃለህ። እኔም፣ በየኮሌጁ በሰዓት እየተከፈለን ፓርት ታይም የምናስተምር ብዙ ጓደኞቼም የምንኖረው እንዲህ ነው።

ስለ ክፍያ ወይም ስለ ሠራተኛ ማኅበር ያነሳ ሰው ግን መልሱ ሁሌ ያው ነው። «አንተ እኮ ፓርት ታይም ነህ!» ይሉታል፣ አለቀ። እስቲ በየስታፍ ክፍሉና በየሻይ ቤቱ የሚወራውን አንድ በአንድ እንየው። የማወራው ስለ ግል ኮሌጆች ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ሌላ ሕግ አለው።

«ፓርት ታይም ሠራተኛ አይደለም፣ አገልግሎት ሻጭ ነው»

የሁሉም እናት ይቺ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚያየው ውሉ ላይ የተለጠፈውን ስም ሳይሆን የሥራውን አኳኋን ነው። አንድ ሰው በአሠሪው መሪነት፣ ደመወዝ እየተከፈለው ለመሥራት ከተስማማ የሥራ ውል አለ። እንግዲህ ራስህን ጠይቅ። ፕሮግራሙን የሚያወጣው ማነው? ኮርስ አውትላይኑን የሚሰጥህስ? የምትፈርመው የማን አቴንዳንስ ላይ ነው? ስታረፍድ ማን ይቆርጥብሃል?

አዋጁ በራሱ የሙያ ኃላፊነት ለሌላ ሰው ሥራ የሚሠራን ሰው አይሸፍንም፣ እሱ እውነት ነው። በራሱ ቢሮ ቁጭ ብሎ ለኮሌጁ ጥናት ሠርቶ የሚያስረክብ አማካሪ እንዲህ ሊባል ይችላል። ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል 12 ካልገባ ስልክ የሚደወልበት መምህር ግን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ኮሌጁ በፔይሮል የደሞዝ ግብር እየቆረጠብህ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን አስቀምጠው። ለግብር ሲሆን ሠራተኛ፣ ለመብት ሲሆን ነጋዴ መሆን አይቻልም።

አንድ ዲን አዋጁን ገልጦ «ለማስተማር የሚደረግ ውል አይሸፈንም ይላል» ብሎ ሲያነብልን ሰምቻለሁ። ሰውየው አልዋሸም፣ ግን አልገባውም። ያ አንቀጽ የሚያወራው አንድን ሰው ለማስተማርና ለማሠልጠን ከሰውየው ጋር ስለሚደረግ ውል ነው፣ ማለትም ስለ ተማሪው። መምህሩን ከሕግ የሚያስወጣ ቢሆን የግል ትምህርት ቤት መምህር ሁሉ ሜዳ ላይ ቀርቶ ነበር።

«የተጻፈ ውል ከሌለህ ምን ይዘህ ትከራከራለህ?»

ለሥራ ውል የተለየ ፎርም አያስፈልግም። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎ ፈርሞ ይሰጥሃል። አልሰጠህም? ጥፋቱ የሱ ነው፣ መብትህ አይጠፋም። የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ፣ የፈረምክበት የግሬድ ወረቀት፣ ባንክ የገባልህ ብር፣ የዲኑ የቴሌግራም መልእክት ሁሉ ማስረጃ ነው። አታጥፋው።

«በየሴሚስተሩ እየፈረምክ ቋሚ የለም»

እንደዚህ ቀላል አይደለም። በአዋጁ የሥራ ውል በመርህ ደረጃ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ ወይም ሥራ የሚደረግባቸው ሁኔታዎች ተዘርዝረዋል፤ የታመመ ወይም ፈቃድ የወጣ ሰው መተካት፣ ድንገተኛ የሥራ ጫና፣ ወቅታዊ ሥራ እና የመሳሰሉት። ያንኑ የአካውንቲንግ ኮርስ ለአራት ዓመት በየሴሚስተሩ ያስተማረ ሰው ማንን እየተካ ነበር? የውሉ ቀን ብቻውን ነገሩን አይቆርጠውም።

«በሰዓት ሲሰላ እኮ ከኛ ትበልጣላችሁ»

ይሄን የሚሉት ሙሉ ጊዜ የሚሠሩት ናቸው፣ ብዙም አልፈርድባቸውም። ግን እናስላው። ባለ ሦስት ክሬዲት አወር ኮርስ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ነው። ለምሳሌ በሰዓት 300 ብር ብንል 14,400 ብር፣ ያውም ግብር ሳይቆረጥ። አሁን ያልተቆጠረውን እንቁጠር። በሳምንት ሁለት ሰዓት ዝግጅት፣ 32 ሰዓት። ክፍሉ 60 ተማሪ አለው፤ ለአንድ ወረቀት 15 ደቂቃ ብትሰጥ ሚድና ፋይናል ማረም 30 ሰዓት ይወስዳል። ድምሩ 110 ሆነ። ሰዓቱ ወደ 131 ብር ወረደልህ! አሳይመንቱን፣ ግሬድ ማስገባቱን፣ «መምህር ግሬዴን ይዩልኝ» የሚለውን ስልክ፣ የሃረጎን ዳገት አልጨመርኩም። በ2015 የመውጫ ፈተና ከመጣ ወዲህ ደግሞ ቲቶሪያል የሚባል ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ «ለተማሪዎቹ ብለህ» ተብለህ በነጻ የምትሰጠው።

«ክፍያው ቢዘገይ እንጂ የትም አይሄድም»

እዚህ ላይ የራሴን ላውራ፣ ምክንያቱም ያቃጠለኝ እሱ ነው። አንድ ኮሌጅ ሁለት የዊኬንድ ኮርስ አስተማርኩ። ግሬድ አስገባሁ። ክፍያ ስጠይቅ «አብሽር፣ የሚቀጥለው ሳምንት»። ቀጥሎ «ኦዲት አለ»። ቀጥሎ «ምዝገባ ይለቅ»። እኔም አፈርኩ መሰለኝ፣ ለትንሽ ብር ከትልቅ ሰው ጋር ምን ያነታርከኛል እያልኩ ዝም አልኩ። ዘጠኝ ወር አለፈ። ሕግ የሚያውቅ ጓደኛዬ ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። ለካ ደመወዝና መሰል ክፍያ የሚጠየቀው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ነው! ከዚያ በኋላ አሠሪው «ጊዜው አልፏል» ካለ አበቃ። ብሬ «አብሽር» ሲባልለት በይርጋ ታገደ።

ማወቅ የነበረብኝ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ወይም ከፊሉን ከከፈለ የይርጋው ቆጠራ ይቋረጣል። ስለዚህ በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል። ሁለተኛ፣ ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። እኔ የፈራሁት አንዱ እሱን ነበር፤ ለመክሰስ የማወጣው ከማገኘው ይበልጣል ብዬ።

«ማኅበር የፋብሪካ ሰው ነገር ነው»

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ስለሆነች ይመስለኛል ይሄ ወሬ እዚያ የሚብሰው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ግን የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኞችን አንድ ላይ ነው የሚጠራው። ዲግሪ ከማኅበር አያስወጣም። ኒው ዮርክ ያለው ኒው ስኩል የሚባል ዩኒቨርሲቲ ፓርት ታይም መምህራን እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ሦስት ሳምንት ገደማ አድማ መትተዋል፤ እዚያ አብዛኛው መምህር ፓርት ታይም ስለሆነ ትምህርቱ ቀጥ አለ። የነሱ ሕግ የነሱ ነው። እኛ ጋ አድማ ከመምታት በፊት ብዙ ደረጃ አለ፣ የማኅበር ዋና ሥራም ከአሠሪው ጋር ቁጭ ብሎ የኅብረት ስምምነት፣ ማለትም የሠራተኛውን ሁሉ የሥራ ሁኔታ የሚወስን የጋራ ውል፣ መደራደር ነው።

«የመምህራን ማኅበር አለ አይደል?» የሚልም አለ። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ከ1941 ጀምሮ ያለ አንጋፋ የሙያ ማኅበር ነው። በአዋጁ መሠረት ከኮሌጅህ ባለቤት ጋር የሚደራደረው ግን እዚያው ኮሌጅ ውስጥ የተቋቋመ የሠራተኛ ማኅበር ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

«ማኅበር ካልክ ትባረራለህ»

በሕግ፣ አትባረርም። የማኅበር አባል መሆን ወይም በሕጋዊ እንቅስቃሴው መሳተፍ ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት እንዳልሆነ አዋጁ በግልጽ ጽፏል። በተግባር ግን እኛን ማባረር አያስፈልጋቸውም። በሚቀጥለው ሴሚስተር ስልክ አይደወልልህም፣ በቃ። ለዚህ ነው ብቻህን ገብተህ ጠረጴዛ አትምታ የምለው።

«አሥር ሰው ከየት ይመጣል?»

አሥር ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፣ አባላቱ ከአሥር እንዳያንሱ ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት አሥሩም መምህር መሆን አለባቸው ብለው ነው። የለባቸውም። የሥራ መሪ ያልሆነ ሠራተኛ ሁሉ ይቆጠራል።

እኛም ይሄን ያወቅነው በቅርቡ ነው። ደሴ ፒያሳ ሻይ እየጠጣን ስንቆጥር ሰባት መምህር ሆንን፣ ሰባት ላይ ቆመን ተከዝን። በማግስቱ የኮሌጁ ጥበቃ ወሬውን ሰምተው «እኔስ ሰው አይደለሁም?» አሉን። «ጋሼ፣ ይቅርታ» ብለን መዘገብናቸው። የላይብረሪዋ ልጅ ዘጠነኛ ሆነች። አሥረኛዋ ገንዘብ ያዧ ናት። «እስቲ መጀመሪያ የናንተን ክፍያ ላስፈርም» ብላናለች፣ እየጠበቅን ነው።