በዊትማን ካውንቲ የሚከፈለው የእርሻ ድጎማ

ዊትማን ካውንቲ (ካውንቲ ከግዛት በታች ያለ የአስተዳደር ክፍል ነው) በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ፓሉስ በተባለው ኮረብታማ አገር የሚገኝ የስንዴ ምድር ነው። አፈሩ ነፋስ ለዘመናት ተሸክሞ ያከማቸው ለም ብናኝ ሲሆን፣ እርሻው በአብዛኛው የዝናብ እርሻ ነው። ምርቱ በብዛት ወደ ውጭ ስለሚላክ የገበሬው ገቢ በሰማዩ ብቻ ሳይሆን በዓለም ገበያም ይወሰናል፤ የፌዴራል መንግሥቱ ድጎማ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው።

የድጎማው መሠረት እ.ኤ.አ. በ1933 የወጣው የግብርና ማስተካከያ ሕግ ነው። የ2014ቱ የእርሻ ሕግ ደግሞ ዋጋ ከፍም አለ ዝቅ በየዓመቱ ይሰጥ የነበረውን ቀጥተኛ ክፍያ አስቀርቶ፣ በዋናነት ሁለት አማራጮችን አቀረበ፤ አንደኛው የአገሪቱ አማካይ ዋጋ ከተቆረጠው መነሻ ዋጋ ሲወርድ፣ ሁለተኛው የካውንቲው የሰብል ገቢ ከቀደሙት ዓመታት ጎልቶ ሲቀንስ ይከፍላል።

የመጀመሪያውን በቁጥር ማየት ይሻላል። የስንዴ መነሻ ዋጋ ለአንድ ቡሽል፣ ማለትም ከሩብ ኩንታል ጥቂት ለሚበልጥ እህል፣ 5.50 ዶላር ነበር። የ2016 ምርት አማካይ ዋጋ 3.89 ዶላር ሆኖ ስለተዘጋ 1.61 ዶላር ጎደለ። በመዝገብ 100 ኤከር (አንድ ኤከር ከግማሽ ሄክታር ጥቂት ያነሰ ነው) የስንዴ መሬትና በኤከር 60 ቡሽል ምርት የተያዘለት እርሻ፣ ክፍያው በ85 በመቶው መሬት ላይ ስለሚታሰብ፣ ከተቀናሽ በፊት 8,211 ዶላር ይደርሰዋል። ገንዘቡ መከፈል የጀመረው ግን በኦክቶበር 2017 ነበር፤ ስንዴው ከታጨደ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የማዳበሪያና የነዳጅ ዕዳ ወለድ ሲቆጥር ከከረመ በኋላ። መነሻ ዋጋው በ2025 ወደ 6.35 ዶላር ከፍ ብሏል።

ከዋጋው ይልቅ በጥብቅ ሊጤን የሚገባው መዝገቡ ነው። ክፍያው የሚከተለው በቀድሞ ዓመታት የተመዘገበውን የሰብል ታሪክ ስለሆነ፣ ገበሬው ዘንድሮ በዚያው መሬት ፓሉስ የታወቀበትን ምስር ወይም ሽምብራ ቢዘራም የስንዴ ድጎማው አይቀርበትም። መሬቱ በጥሬ ገንዘብ የተከራየ ከሆነ ክፍያው የአራሹ ነው፤ በሲሶ ወይም በሌላ የምርት ድርሻ ከተያዘ ግን ከባለመሬቱ ጋር ይካፈሉታል። በጥሬ ገንዘብ ኪራይም ቢሆን ድጎማው በኪራዩ ዋጋ ውስጥ ስለሚታሰብ፣ መሬት የሌለው ጀማሪ ገበሬ ከሚያገኘው ላይ ከፊሉ በሌላ በር ይወጣበታል፤ ይህ የሥርዓቱ ከባድ ጉድለት ነው።

የዕለት ሥራውን የሚያከናውነው የእርሻ አገልግሎት ኤጀንሲ የአካባቢ ቢሮ ሲሆን፣ ገበሬዎች ራሳቸው ለሦስት ሦስት ዓመት የሚመርጡት ኮሚቴ ይቆጣጠረዋል።

ከዋጋ ድጎማው ሌላ፣ ከ1985 ጀምሮ በሚሠራበት የመሬት ጥበቃ ፕሮግራም፣ ተዳፋቱን ከማረስ ወጥቶ ሣር ለሚያለብስ ገበሬ መንግሥት ከ10 እስከ 15 ዓመት ኪራይ ይከፍላል። ለዚህ ፕሮግራም በመርሕ ደረጃ ከአንድ ካውንቲ የእርሻ መሬት ከሩብ በላይ እንዲገባ አይፈቀድም፤ ብዙ መሬት ጦም ካደረ እህል ነጋዴው፣ ዘርና ማዳበሪያ አቅራቢው፣ የእርሻ መሣሪያ ጠጋኙም ሥራ ያጣሉና።