ሪህ ምንድን ነው? ቁርጥማት ሁሉስ ሪህ ነው?

እናቴ 6 ዓመት ሙሉ ምስር ወጥ አልቀመሰችም። ጉልበቷን ሲጠዘጥዛት አንድ ክሊኒክ ሄዳ ደም ሰጠች፤ «ዩሪክ አሲድዎ ከፍ ብሏል፣ ሪህ ነው፤ ሥጋና ጥራጥሬ ያቁሙ» ተብላ ወረቀቷን ይዛ ተመለሰች። ጉልበቷን የነካ፣ «እስቲ ያጥፉት፣ ይዘርጉት» ያላት ሰው አልነበረም። እናቴ አጽዋማቱን አንድም ሳታስቀር የምትጾም ሴት ናት። በጾም ሥጋ የለም፤ ሽሮው፣ ምስሩና ክኩም ከተነሣ ገበታው ላይ የሚቀረው ድንች፣ ዳቦና ፓስታ ነው። እሱን በላች፤ ክብደቷ ጨመረ፤ ጉልበቷም ባሰበት። በመጨረሻ አንድ የአጥንት ሐኪም ጉልበቷን አጥፎ ዘርግቶ፣ ራጅ አስነሥቶ ካየ በኋላ «እማማ፣ እርስዎ ሪህ የለብዎትም» አላት። የጉልበቷ ልም አጥንት ተሸርሽሮ ነበር።

ይህን የሚያስጽፉኝ እነዚያ 6 ዓመታት ናቸው።

በአማርኛችን «ሪህ» ሰፊ ቃል ነው። ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ የሚሏት ወጣት፣ ደረጃ መውጣት ያቃታቸው አዛውንት፣ ሌሊት አውራ ጣቱ አብጦ እንቅልፍ ያጣ ጎልማሳ፣ ከቶንሲል በኋላ ቁርጭምጭሚቱ ያበጠ ልጅ፣ ሁሉም «ሪህ ይዟቸዋል» ይባላሉ። በሐኪም አፍ ግን ቃሉ ጠበብ ይላል፤ ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያ ውስጥ ክሪስታል ሆኖ ሲቀመጥ የሚመጣው ሕመም ነው ሪህ። ከአራቱ ሰዎች ሪህ ያለበት ጎልማሳው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የሌሎቹ በሽታ ሌላ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው።

እውነተኛው ሪህ እንዴት ይነሣል? የሰውነታችን ሴሎች ሲያረጁና ሲፈርሱ፣ ከምንበላውም ምግብ፣ ፕዩሪን የሚባል ንጥረ ነገር ይወጣል። ፕዩሪን ተሰባብሮ ሲያበቃ ዩሪክ አሲድ ይሆናል። ብዙ እንስሳት ይህን አሲድ የሚያፈርስ ኤንዛይም አላቸው፤ ሰው የለውም። ስለዚህ ማስወጣት አለብን፤ ሁለት ሦስተኛው ያህል በኩላሊት፣ ቀሪው በአንጀት በኩል ይወጣል። አብዛኞቹ የሪህ ሕሙማን ችግራቸው ዩሪክ አሲድ አብዝቶ መሥራት ሳይሆን ኩላሊታቸው በበቂ አለማስወጣቱ ነው። ይህ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዘር የሚወረስ ነገር ነው። «ጠጥቶ፣ ሥጋ በልቶ ነው» እያሉ በሽተኛውን መውቀስ ልማድ ሆኗል፤ እኔ ግን ልክ አይመስለኝም።

በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ ከ6.8 ሚሊግራም ሲያልፍ ሟሙቶ መቆየት ያቅተዋልና እንደ መርፌ የሾሉ ክሪስታሎች ይሠራል። ክሪስታሉ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል፤ እግር ከሌላው ሰውነት ይቀዘቅዛል፤ ለዚህ ነው ሪህ ብዙ ጊዜ ከእግር አውራ ጣት ሥር የሚጀምረው። የሰውነት መከላከያ ሴሎች ክሪስታሉን እንደ ጠላት ሲያጠቁት መገጣጠሚያው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይግላል። ሰውየው ደህና ተኝቶ ሌሊት ላይ ይነቃል፤ አንሶላው እግሩ ላይ ማረፉን እንኳ አይችለውም። ሕክምና ባያገኝም በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ ይተወዋል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ሕመሙ ስለሄደ በሽታው የሄደ ይመስለዋል። ክሪስታሉ ግን እዚያው ነው። ዓመታት ሲያልፉ ጥቃቱ ይደጋገማል፣ ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ወደ ጉልበትና ወደ እጅ ይዛመታል፤ በክርንና በጆሮ ጫፍ ላይ ሳይቀር እንደ ጠጠር የጠነከሩ እብጠቶች ሊያወጣ ይችላል።

አሁን ወደ እናቴ ወረቀት ልመለስ። የደም ዩሪክ አሲድ ከፍ ማለት ብቻውን ሪህ አይባልም። ቁጥራቸው ከፍ ብሎ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሪህ የማይነካቸው ሰዎች ይበዛሉ። ተቃራኒውም አለ፤ ጥቃቱ ሲፋፋም ቁጥሩ ወርዶ ትክክለኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። እርግጠኛው ምርመራ ካበጠው መገጣጠሚያ በመርፌ ፈሳሽ ቀድቶ ክሪስታሉን በልዩ ማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ይህ በማይገኝበት ቦታ ሐኪሙ የሕመሙን ታሪክ፣ አነሣሡን፣ ቦታውንና የታማሚውን ዕድሜ አይቶ ይወስናል። የወር አበባ የምታይ ሴት ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ስለሚከላከልላት በሪህ የምትያዘው ከስንት አንዴ ነው። በ30ዎቹ ዕድሜ ያለች ሴት በደም ውጤት ብቻ «ሪህ ነው» ከተባለች ደግማ መጠየቅ ይገባታል።

ምግቡስ? ሪህ የሚቀሰቅሰው ቀይ ሥጋ ሲበዛ፣ ከሁሉም በላይ ጉበት፣ ኩላሊትና እንደ ዱለት ያለ የሆድ ዕቃ፣ ሰርዲን፣ አልኮል (ቢራ ደግሞ ይብሳል)፣ እንዲሁም በስኳር የጣፈጠ ለስላሳ መጠጥ ነው። ሁለት ወር ያህል ከሥጋ የራቀ ሰው በፋሲካ ማግስት ጥሬ ሥጋውን፣ ዱለቱንና ቢራውን በአንድ ቀን ሲያወርደው ጥቃት ቢነሣበት አያስገርምም። ጥራጥሬ ግን በግፍ የተከሰሰ ምግብ ነው። ምስርና ባቄላ ፕዩሪን አላቸው፤ እሱ እውነት ነው። ነገር ግን በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ፣ ከ47,000 በላይ ወንዶችን ለ12 ዓመት የተከታተለ ትልቅ ጥናት ሥጋና የባሕር ምግብ የሚያበዙት በሪህ የመያዝ ዕድላቸው ሲጨምር፣ ፕዩሪን ያለውን ጥራጥሬና አትክልት የሚበሉት ግን እንዳልጨመረባቸው አሳይቷል። እንደ እኛ ባለ አገር፣ ሽሮ የድሃውም የጿሚውም ዋና የፕሮቲን ምንጭ በሆነበት፣ «ሽሮ ተው» ማለት ቀላል ምክር አይደለም። ሪህ ያለበት ሰው ሽሮውን ይብላ፤ ውኃም አብዝቶ ይጠጣ።

ምግብ ብቻውን ዩሪክ አሲድን የሚያወርደው በ1 ሚሊግራም ገደማ ነው። ጥቃቱ በዓመት 2 ጊዜና ከዚያ በላይ ለሚደጋገምበት፣ እብጠት ላወጣ ወይም የኩላሊት ጠጠር ላለበት ሰው ይህ አይበቃውም። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት መድኃኒት መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የጥቃቱን እሳት የሚያጠፋው ነው፤ ኮልቺሲን፣ እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ወይም ለአጭር ጊዜ የሚሰጥ ፕሬድኒሶሎን። ሁለተኛው ዩሪክ አሲዱን ራሱን የሚቀንሰው አሎፕዩሪኖል ነው። አሎፕዩሪኖል ሕመም አያስታግስም። በቀን ከ100 ሚሊግራም በማይበልጥ መጠን ይጀመራል፤ ደም እየተለካ ቁጥሩ ከ6 በታች እስኪወርድ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ ከዚያም ሳይቋረጥ ይወሰዳል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የቆየው ክሪስታል መሟሟት ሲጀምር ጥቃት ሊቀሰቀስ ስለሚችል ሐኪሞች ከ3 እስከ 6 ወር አነስተኛ ኮልቺሲን አብረው ያዝዛሉ። ይህን ያልተነገረው ሰው «መድኃኒቱ አባሰብኝ» ብሎ ይጥለዋል። የሚጣልበት ምክንያት ቢኖር ሌላ ነው፤ አሎፕዩሪኖል የጀመረ ሰው ቆዳው ላይ ሽፍታ ካየ ወዲያው አቁሞ ሐኪም ጋ መሄድ አለበት። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስዱም ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ ይህ መድኃኒት ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋል።

የእናቴ ዓይነቱ የልም አጥንት መሸርሸር ሌላ ጠባይ አለው። ልም አጥንት ሁለት አጥንቶች የሚገናኙበትን ጫፍ የሚያለብስ ለስላሳ ሽፋን ነው። በዕድሜ፣ በክብደት፣ በቆየ ጉዳት ይሳሳል። ሕመሙ ሲሄዱ፣ ደረጃ ሲወርዱ፣ ከስግደት ሲነሡ ይጠናል፤ አረፍ ሲሉ ይቀላል። ጠዋት መገጣጠሚያው ደረቅ ይላል፤ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይፍታታል። የተሸረሸረውን የሚመልስ መድኃኒት የለም። የሚረዳው የጭን ጡንቻን ማጠንከርና ክብደት መቀነስ ነው፤ 1 ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ 4 ኪሎ ያህል ጫና ያነሣል። «እግሬን ያመኛልና ልቀመጥ» የሚለው ሐሳብ ተፈጥሯዊ ቢሆንም ጡንቻውን ስለሚያደክመው ሕመሙን ያከፋዋል። በጣም ለተጎዳ ጉልበት ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ በቀዶ ሕክምና ይተካል።

የወጣቷ ጣት ደግሞ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሞች ሩማቶይድ አርትራይተስ ይሉታል። የሁለቱንም እጆች ትናንሽ መገጣጠሚያዎች አንድ ላይ ይይዛል፤ የጠዋቱ ድርቀት ከ1 ሰዓት በላይ ይቆያል፤ ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል። ቶሎ ካልታከመ ጣትን ያጣምማል። ዋና መድኃኒቱ ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው። በስሕተት በየቀኑ የወሰደ ሰው ሊሞት ይችላል፤ ስለዚህ ቀኑን ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይበጃል።

ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ልጁ ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ጉሮሮው ታሞ ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ ጉልበቱ ካበጠ፣ ከዚያ ሕመሙ ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ወደ ክርን ከዞረ፣ ሩማቲክ ፊቨር ሊሆን ይችላል። «ቅዝቃዜ መትቶት ነው» ተብሎ በቅባት ይታሻል፤ የመገጣጠሚያው ሕመም ራሱ ይለቀዋልና ሁሉም ይረሳዋል። በሽታው ግን የልብ ቫልቭን አበላሽቶ ሊያልፍ ይችላል። በአገራችን የልብ ቀዶ ሕክምና ወረፋ ከሚጠብቁት ወጣቶች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው። ጉሮሮው በጊዜው በፔኒሲሊን ቢታከም ኖሮ መከላከል ይቻል ነበር፤ አንዴ የያዘውም ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ሳያቋርጥ መውሰድ አለበት። ሕመም የለም ተብሎ መርፌው አይቀርም።

አንድ መገጣጠሚያ ብቻ በድንገት አብጦ ሲግል፣ ከዚያም ላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲጨመር፣ መግል ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። መግል ልም አጥንትን በቀናት ውስጥ ይጨርሰዋል። ይህን ወጌሻ ማሸት የለበትም፤ ዋግምትም ፍልውሃም አያድነውም። ፍልውሃን አልጠላም። ሙቅ ውኃ የተሸረሸረ ጉልበትን ያፍታታል፣ ጡንቻንም ያሳርፋል። ክሪስታልን ግን አያሟሟም፤ የሪህ ጥቃት በተነሣበት ጣት ላይማ ከሙቀት ይልቅ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ይሻላል።

ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛው ዲክሎፌናክ የተባለው ማስታገሻም አሳሳቢ ነው። ለወራት በየቀኑ ሲወሰድ ጨጓራን ያቆስላል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። የተጎዳ ኩላሊት ደግሞ ዩሪክ አሲድ ማስወጣት ያቅተዋል፤ ሪህ ያለበት ሰው ለማስታገስ የሚውጠው ኪኒን በሽታውን ያጠነክርበታል ማለት ነው። «ቁርጥማትን በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ» ተብሎ የሚወጋው ወይም የሚዋጠው ብዙ ጊዜ እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ ነው፤ ሲደጋገም አጥንት ያሳሳል፣ ዳሌ ላይ የሚገጥመውን የጭን አጥንት ጫፍ ደም አሳጥቶ ሊገድል ይችላል፣ የስኳር በሽታንም ይቀሰቅሳል።

እናቴም ትውጠው የነበረውን የማስታገሻ ኪኒን ከተወች 2 ዓመት ሆናት። ጠዋት ጠዋት ወንበር ላይ ተቀምጣ አንድ እግሯን ቀጥ አድርጋ ትዘረጋለች፣ እስከ 5 ትቆጥራለች፣ ታወርዳለች፤ በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ። 7 ኪሎ ቀንሳለች። ደረጃ ስትወርድ አሁንም ግድግዳውን ትይዛለች። ባለፈው ፍልሰታ ሁላችንንም ጠርታ ያበላችን ምስር ወጥ ነበር፤ ራሷም ከእኛ ጋር በላች።