«አያቴ ማይጨው ነው የቀሩት» ከማለታችን በፊት

የታሪክ መምህር ስለሆንኩ፣ ደሴ ውስጥ በ1928ቱ የጣሊያን ወረራ የዘመተ ዘመዱን ነገር መፈለግ የጀመረ ሰው አንዱ ለሌላው እየጠቆመ እኔ ዘንድ ይመጣል። ደስ ብሎኝ ነው የምቀበለው። ግን ሁሉም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጀምራሉ፤ «አያቴ ማይጨው ነው የቀሩት።» ይህችን ዓረፍተ ነገር መስማት ታክቶኛል። ስንቱን ቤተሰብ፣ ሰውየው ባልረገጡት ሜዳ ላይ ዓመታት ሙሉ ስታንከራትት ኖራለች።

«የዘመተ ሁሉ ማይጨው ነው የዘመተው»

ማይጨው የአንድ ቀን ውጊያ ነው፤ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ የዑራኤል ዕለት። ጣሊያን መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ነው። በመካከሉ ልክ ስድስት ወር አለ፤ በዚያ ስድስት ወር ውስጥ ብዙ ሰው አልቋል። ራስ ካሳና ራስ ስዩም ተንቤን ላይ በጥር አጋማሽና ከየካቲት አጋማሽ በኋላ ተዋግተዋል። የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታ አምባ አራዶም ላይ ነበሩ። ራስ እምሩ ሽሬ፣ ራስ ደስታ ደቡብ፣ ደጃዝማች ነሲቡ ኦጋዴን። ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ደሴ ሰፍረው ከርመው ወደ ኮረም ሲወጡ፣ የሰሜኑ ጦር አብዛኛው ቀድሞ ተፈትቶ ነበር። ከማይጨው በኋላ ደግሞ አሸንጌ ሐይቅ አለ፤ ሲያፈገፍግ በአውሮፕላን የተጨፈጨፈው ሰው የወደቀው እዚያ ነው።

በወሬ ላይ ዘመቻውን በሙሉ «ማይጨው» ማለት ያባት ነው፤ አልከራከርም። ፍለጋ ላይ ግን መንገድ ያስታል። ከሰኞ ገበያ በላይ የሚኖሩ አንዲት እናት ሦስት ዓመት ማይጨው ማይጨው ሲሉ ቆይተው ነው እኔ ዘንድ የመጡት። አባታቸው የቀሩት እሳቸው በእናታቸው ሆድ ሳሉ ነው። «እማማ፣ ዝክራቸው መቼ ነው?» አልኳቸው።

«የካቲት ሥላሴ።»

«ቀኑን ማን ነገራችሁ?»

«ጠመንጃውን ይሸከም የነበረው ልጅ ተመልሶ፣ ለእናቴ።»

የካቲት 7 ቀን 1928 ጣሊያን አምባ አራዶምን የያዘበት ዕለት ነው። ያን ቀን ማይጨው ላይ ውጊያ የለም፤ ገና አርባ አምስት ቀን ይቀረዋል። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ቆይተው «ለካ እናቴ ቀኑን ይዛልን ነበር» አሉ። ሰማንያ ዓመት በላይ ጠላ እየተጠመቀ፣ ዳቦ እየተደፋ፣ መልሱ በየዓመቱ ቤታቸው ይመጣ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ዝክሩን ጠይቁ። የሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ የሰደቃውን ወር ጠይቁ። ቅድመ አያቶቻችን ቀን የሚይዙት በቁጥር አልነበረም፤ በታቦት፣ በጾም መግቢያ፣ በረመዳን፣ በጤፍ አጨዳ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። በብዙ ቤት የሚዘከረው ሰውየው የሞተበት ቀን ሳይሆን መርዶው የደረሰበት ቀን ነው። ለዚህ ነው እማማን «ማን ነገራችሁ?» ያልኳቸው። አብሮ የነበረ ሰው ተመልሶ ከነገረ ቀኑ ይታመናል። በወሬ ወሬ የመጣ ከሆነ ግን አንድ ወይ ሁለት ወር ወደ ኋላ ሂዱ።

«አዲስ አበባ የዘማቾች መዝገብ አለ፣ ስሙን ብቻ ንገራቸው»

የለም። ደመወዝተኛና በዘመናዊ መንገድ የሰለጠነው ክብር ዘበኛ ጥቂት ነው። የቀረው ክተት ሲታወጅ በሶውንና ቆሎውን ቋጥሮ፣ ጌታውን ወይ የአገሩን ሹም ተከትሎ የወጣ ባላገር ነው። ስሙን የሚያውቀው አለቃው ነው፤ ዝርዝር የጻፈ አለቃም ጥቂት ነው። «ስሙ ማን ነበር?» ከማለት በፊት «ማንን ተከትሎ ዘመተ?» በሉ። የአለቃው ስም ከተገኘ ግንባሩ ይገኛል፤ ግንባሩ ከተገኘ ቀኑ ይቀርባል። ወመዘክርም (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሆነ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስትሄዱ በአለቃው ስም ጠይቁ።

ከነጻነት በኋላ ያለውን ወረቀት ደግሞ አትናቁ። ለአርበኛ፣ ለስደተኛና ለዘማች ቤተሰብ መሬት ይሰጥ ነበር። በውርስ ክስ ላይም «አባቴ በእገሌ ጦር ዘምቶ የቀረ» የሚል ቃል ይጻፋል። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ «የድሮ የመሬት ወረቀት ነው፣ አሁን ምን ያደርጋል» ተብሎ የተጣለው፣ ብዙ ጊዜ የምትፈልጉት እሱ ነው።

«አንድ ስም ይበቃል»

ወሎ ውስጥ? አንድ ሰው የቤት ስም፣ የክርስትና ስም፣ የፈረስ ስም ይኖረዋል። ንጉሥ ሚካኤል እንኳ መሐመድ ዓሊ ነበሩ፤ በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ። ከአንድ ቤት ወንድማማቾች አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ክርስቲያን ሆነው አብረው የዘመቱበት አገር ነው። «ሙስሊም ስለነበረ አልዘመተም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ በጣም አዝናለሁ። የራሱን አያት እየሰረዘ ነው።

«ሴት አልዘመተችም»

ያን ጦር ማን አበላው? ስንቅ የተሸከሙት፣ የፈጩት፣ ውኃ የቀዱት፣ ቁስለኛ የጎተቱት ሴቶች ናቸው። ስለ አያታችሁ ስትጠይቁ ስለ ሴት አያታችሁም ጠይቁ።

«ደሴ ጦርነት አልደረሰባትም»

ኅዳር 26 ቀን 1928 ከተማችን በቦምብ ተደብድባለች፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመቷል። ሚያዝያ 7 ጣሊያን ገባ። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 እስኪለቅ ድረስም ከኮምቦልቻ ሽቅብ ባለው ዳገት ላይ ከባድ ውጊያ ተደርጓል። ገበያ ላይ የሞተችው ሴትም የጦርነቱ ሟች ናት።

«የመርዝ ጢስ የተረጨው ማይጨው ላይ ነው»

ከታኅሣሥ 1928 ጀምሮ፣ ተከዜ ላይ።

«ፎቶው ላይ ዩኒፎርም ለብሷል፣ ስለዚህ ማይጨው ነው»

አብዛኛው የ1928 ዘማች በነጭ ሸማ፣ በባዶ እግሩ ነው የሄደው። አንድ ወጣት በብርጭቆ ፍሬም የታሰረ ፎቶ ይዞልኝ መጣ፤ ካራቫት፣ የተወለወለ ጫማ፣ በማዕዘን የተተኮሰ ኮሌታ። ከፍሬሙ በጥንቃቄ አውጥተን ስናገላብጠው የፎቶ ቤት ወይን ጠጅ ማኅተም፣ ከሥሩም በእርሳስ «1944» ተጽፏል። ሰውየው የኮሪያ ዘማች ነበሩ! የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ የተነሳው ሚያዝያ 1943 ነው፤ ወታደሮቹም ከክብር ዘበኛ የተውጣጡ ናቸው። የኮሪያ ዘማች ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይቀላል፤ በስም የተመዘገበ ጦር ነው፣ አፍንጮ በር አካባቢም መታሰቢያቸው አለ። ሜዳይ ካለም ዝም ብላችሁ «የማይጨው ነው» አትበሉ። የአርበኞች፣ የስደተኛና የኮሪያ ሜዳይ የተለያዩ ናቸው።

«ወይ አርበኛ ነው፣ ወይ ባንዳ»

አምስት ዓመት ረጅም ነው። በ1929 ለጣሊያን ያደረ ሰው በ1932 ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገብቷል። ቀን ቢሮ እያገለገለ ማታ ለአርበኛ ጥይት የሚያሻግር የውስጥ አርበኛም ነበረ። በዚህ እፍረት የተነሳ ስሙ ከቤተሰቡ የጠፋ ወንድም ስንት ነው። ያፈራችሁበትን ሰው ስም ጻፉት፤ ሌላውን ወረቀቱ ይናገር።

«ያልተመለሰ ሁሉ ሞቷል»

የተማረከ አለ፣ ሱዳንና ኬንያ የተሰደደ አለ፣ ከራስ እምሩ ጋር ወደ ምዕራብ ሄዶ እዚያው የቀረ አለ። በእኔ በራሴ ቤተሰብ ተዝካሩ የተበላለት ሰው በ1933 ክረምት በእግሩ መጥቶ ደጅ ላይ ቆሟል። ሚስቱ ሌላ አግብታ ነበር። ተመልሶ ሄደ፤ ዘሩ ዛሬ ጅማ ነው። እኛ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ «ማይጨው የቀረው አጎታችን» ስንል ነበር የኖርነው።

ዘመን ቆጠራውንም ልብ በሉ። ልጆች ስልካቸው ላይ «1928» ብለው በፈረንጅ ድረ ገጽ ፈልገው ምንም የለም ይሉኛል። በፈረንጅ አቆጣጠር 1935 እና 1936 ነው።

ወረቀት ያላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ ላሚኔት አታስደርጉት። ፕላስቲኩ ከተጣበቀ ወረቀቱ ዳግመኛ አይወጣም፤ ከጀርባው ያለ ጽሑፍና ማኅተምም ይደበዝዛል። በ2014ቱ ጦርነት ስንት ሰው ሣጥኑን ትቶ ወጥቶ ባዶ ቤት አገኘ። ፊቱንም ጀርባውንም በስልካችሁ አንሱና ለሦስት ዘመድ ላኩት። ከአረጋውያን ጋር ስትቀመጡም ድምፃቸውን ቅዱ፤ ጥያቄ አታብዙባቸው፣ ቡና ይፈላ፣ ሦስተኛው እስኪቀዳ ጠብቁ።