የሳንቲም ጌም እና የድሬዳዋ ጌም ቤቶች

የሳንቲም ጌም ሳንቲም ሲገባበት ለአንድ ዙር የሚያጫውት፣ ስክሪኑና መቆጣጠሪያው በአንድ ሣጥን የተገጠሙለት ቋሚ ማሽን ነው። ድሬዳዋ ላይ ወሬው ሲነሳ ጆተኒ (የጠረጴዛ እግር ኳስ) እና ጌም ቤትም አብረው ስለሚነሱ እዚህ ሦስቱም በአንድነት ቀርበዋል።

ማሽኖቹ የተጀመሩት አሜሪካ ነው። ኖላን ቡሽኔልና ቴድ ዳብኒ እ.ኤ.አ. በ1971 «ኮምፒውተር ስፔስ»ን አወጡ። በዓመቱ አታሪ የተባለውን ኩባንያ መሥርተው አለን አልኮርን የሠራውን «ፖንግ» የተባለ የቴኒስ ጌም ሳኒቬል በሚገኝ መጠጥ ቤት አስቀመጡ። ማሽኑ ብዙም ሳይቆይ ቆመ፤ ሲከፈት የሳንቲም ማጠራቀሚያው ጢም ብሎ ተገኘ። የ«ፖንግ» ሐሳብ የመሐንዲሱ የራልፍ ቤር ነው በሚል ማግናቮክስ የተባለው ኩባንያ የመሠረተው ክስ በ1976 በስምምነት ተዘጋ፤ በእርግጥም ቤር ቀድሞ ቤት ውስጥ በቴሌቪዥን የሚጫወቱት የቴኒስ ጌም ሠርቷል።

ዘመኑን የለወጠው የጃፓኑ ኩባንያ ታይቶ ነው። ቶሞሂሮ ኒሺካዶ በ1978 ባቀረበው «ስፔስ ኢንቬደርስ» 55 ወራሪዎች በአምስት ረድፍ ይወርዳሉ። ወራሪዎቹ ባነሱ ቁጥር ፕሮሰሰሩ ስለሚቀለው ፍጥነታቸው ይጨምራል፤ ኒሺካዶም ይህን ሳያርም ተወው፤ የጨዋታው ነፍስ እዚህ ላይ ናት። በጃፓን የ100 የን ሳንቲም እጥረት አስከትሏል የሚለው ወሬ ግን ብዙ ጊዜ ቢደገምም ተረት ሳይሆን አይቀርም። በ1980 የቶሩ ኢዋታኒ «ፓክማን» ተከተለ፤ የደረጃውን ቁጥር የሚይዘው የማሽኑ ማስታወሻ ስምንት ቢት ብቻ (እስከ 255 የሚቆጥር) በመሆኑ 256ኛው ደረጃ ላይ የስክሪኑ ግማሽ ይበላሻል።

ድሬዳዋ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሲደርስባት የተቆረቆረች፣ ከጅቡቲ ጋር የተሳሰረች የንግድ ከተማ ናት፤ የባሕር ማዶን ዕቃ ቀድማ ማየት ልማዷ ነው። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኙት፣ እ.ኤ.አ. የ1983ቱ የኔንቴንዶ ፋሚኮም ርካሽ ቅጂዎች በመላው ዓለም ሲሰራጩ፣ ለሰፈር ልጅ የሚስማማው አጨዋወት አስቀድሞ በጆተኒ ተዘጋጅቶ ነበር። ባለቤቱ ስሙኒ ወይም ሽልንግ ይቀበል፣ ኳስ ይለቅ ነበር፤ ተሸናፊ ይወጣል፣ ባለተራ ይገባል። ጌም ቤቱም የወረሰው ይህንኑ ነው፤ ሳንቲም የሚውጠው ቀዳዳ ባይኖርም በሩ ላይ ተቀማጩ የማሽኑን ሥራ ይሠራል።

የድሬ ጨዋታ ከአየሯ አይለይም። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ አዋቂው በርጫ ሲቀመጥ ልጁ ጥላ ይፈልጋል፤ የከዚራ ሰፈር ዛፎችና ከቆርቆሮ በታች የተዘረጋ ጆተኒ የዚያን ሰዓት መጠለያ ናቸው። ከተማዋ ተጫዋች ናት፤ ልጆቿ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ እየተቀላለዱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰለፋሉ።

ፕሌይስቴሽን ሲመጣ እግር ኳስ ጌም ቤቱን ጠቅልሎ ያዘ። ክፍያ በግጥሚያ ወይም በሰዓት ነው፤ «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚለው ደንብ ግን ከጆተኒ እንደመጣ ሳይለወጥ ዘልቋል።