ቶከን በስማርት ኮንትራት ክፍተት ሲመዘበር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባለፈው ክረምት ደብረ ብርሃን ውስጥ ሻይ ቤት ተቀምጠን አንድ ተማሪዬ ስልኩን አውጥቶ ዋሌቱን፣ ማለትም ቶከን የሚባሉትን ዲጂታል ንብረቶቹን የሚያስተዳድርበትን መተግበሪያ፣ አሳየኝ። የቶከኖቹ ቁጥር ከገዛበት ቀን አንድም አልጎደለም፤ ከሥሩ የተጻፈው የዶላር ዋጋ ግን ዜሮ ሊሆን ምንም አልቀረውም። «መምህር፣ ማንም አልሰረቀኝም፣ ይኸው ሙሉ ነው» አለኝ። ቶከኑ የተመዘበረው በስማርት ኮንትራቱ፣ ማለትም ብሎክቼይን በተባለው የጋራ ዲጂታል መዝገብ ላይ ተቀምጦ፣ ሲጠራ በተጻፈለት ደንብ ብቻ ገንዘብ በሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ ክፍተት በኩል ነበር። ከእርሱና ከጓደኞቹ የሰማኋቸውን አመለካከቶች ከዚህ በታች አንድ በአንድ አነሣለሁ፤ የውጭ ክስተቶች ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«ቶከኔ በእጄ እስካለ ድረስ አልተነካሁም» የሚለው የመጀመሪያው ነው። በሚያዝያ 2018 ቢዩቲቼይን የተባለው ቶከን የገጠመው ነገር ስሕተቱን በደንብ ያሳያል። ኮንትራቱ ለብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ቶከን የሚልክ ትእዛዝ ነበረው፤ የተቀባዮችን ብዛት ለእያንዳንዳቸው ከሚላከው መጠን ጋር ያባዛና ላኪው ያን ያህል እንዳለው ያረጋግጣል። ወራሪው ሁለት ተቀባዮችን አስገብቶ መጠኑን 2 በ255 ኃይል አደረገው። ብዜቱ ኮንትራቱ ሊይዝ ከሚችለው ትልቁ ቁጥር በአንድ ስለሚበልጥ፣ አሮጌ የመብራት ቆጣሪ ከ9999 በኋላ ወደ 0000 እንደሚመለስ ሁሉ ውጤቱ ዜሮ ሆነ። ኮንትራቱም ላኪው ቢያንስ ዜሮ ቶከን እንዳለው አረጋግጦ ለሁለቱ አድራሻዎች ይህ ነው የማይባል ብዛት ያለው ቶከን ሰጠ። ከማንም ዋሌት አንድ ቶከን አልተወሰደም፤ ዋጋው ግን ወደቀ። አረርቲ ያለ አንድ መጋዘን ከተከማቸው ጤፍ በላይ ማለቂያ የሌለው ደረሰኝ ቢያትም፣ እውነተኛው ደረሰኝ በኪሱ ያለ ገበሬ ወረቀቱ አልጠፋበትም፣ ጤፉን ግን አያገኝም። ሶሊዲቲ የተባለው የኮንትራት መጻፊያ ቋንቋ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ እንዲህ ያለውን ስሌት በራሱ ያቆማል፤ ከዚያ በፊት ተጽፈው ብሎክቼይን ላይ የተቀመጡ ኮንትራቶች ግን በዚህ ምክንያት አይለወጡም።

ሁለተኛው «ብሎክቼይኑ ራሱ ተሰበረ» የሚለው ነው። ሰኔ 17 ቀን 2016 ዳኦ ከተባለው የጋራ መዋዕለ ንዋይ ኮንትራት 3.6 ሚሊዮን ያህል ኢተር ሲወጣ፣ ኮንትራቱ የተቀመጠበት ብሎክቼይን ኢቴሪየም (ኢተር የእርሱ ገንዘብ ነው) የተለመደ ሥራውን ይሠራ ነበር፤ ስሕተቱ የኮንትራቱ ነበር። ነገሩን በእቁብ ማስረዳት ይቻላል። ጸሐፊው ለባለ ዕጣው ገንዘቡን ቆጥሮ ካስረከበ በኋላ ደብተሩ ላይ «ወስዷል» ብሎ የሚጽፍ ነው እንበል። ባለ ዕጣው ገንዘቡን እንደተቀበለ፣ ጸሐፊው ብዕሩን ሳያነሣ እንደገና «ዕጣዬን» ቢለው፣ ደብተሩ ገና ምንም ስላልተጻፈበት ዳግመኛ ይቆጠርለታል። ሰው የሆነ ጸሐፊ «አሁን ሰጠሁህ እኮ» ይላል፤ ኮንትራት ግን ደብተሩ ላይ ከሰፈረው ውጭ የሚያስታውሰው ነገር የለም። መፍትሔው መጀመሪያ መመዝገብ፣ ከዚያ መክፈል ነው፤ የሁለት መስመር ቅደም ተከተል ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሳጥቷል።

«ኦዲት ተደርጓል»፣ ማለትም ባለሙያዎች የኮንትራቱን ኮድ መርምረውታል፣ የሚለው ቃል ብዙዎቻችንን ያዘናጋል። ዩለር ፋይናንስ የተባለው የብድር አገልግሎት በተለያዩ መርማሪዎች ተፈትሾ ነበር፤ ሆኖም በመጋቢት 2023 ወደ 197 ሚሊዮን ዶላር ተወሰደበት። ክፍተቱ የተገኘው ዘግይቶ በተጨመረና ተጠቃሚ ተቀማጩን ለመጠባበቂያ እንዲለግስ በሚፈቅድ ትእዛዝ ውስጥ ነው፤ ትእዛዙ ለጋሹ ከልገሳው በኋላ ዕዳውን መሸፈን መቻሉን አይጠይቅም ነበር። ስለዚህ «ኦዲት ተደርጓል?» ብሎ ብቻ ማለፍ አይበቃም፤ የትኛው ክፍል፣ መቼ፣ ከዚያስ ወዲህ ምን ተጨመረ የሚለው መጠየቅ አለበት።

«ይህን የሚሠራው ልዩ ሊቅ ነው» ለሚሉትም ቶከንን ከአንዱ ብሎክቼይን ወደ ሌላው የሚያሻግረው የኖማድ ድልድይ በነሐሴ 2022 የገጠመው ምዝበራ በቂ መልስ ይመስለኛል። በአንድ የማሻሻያ ስሕተት ያልተረጋገጠ መልእክት ሁሉ እንደተረጋገጠ ስለተቆጠረ፣ ብዙ ሰዎች የመጀመሪያውን ዝውውር ቀድተው የራሳቸውን አድራሻ ብቻ በመተካት ወሰዱ።

«አቤት ካልን ይመለሳል» የሚለው ተስፋ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ዝርፊያ የሚመጣው በእርሱ በኩል ነው። የዳኦን ገንዘብ ለመመለስ ሲባል ኢቴሪየም በሐምሌ 2016 ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ያልተስማሙት ዛሬም ኢቴሪየም ክላሲክ በሚባለው ቀጥለዋል። የዩለር ወራሪም አብዛኛውን ከድርድር በኋላ መልሷል። እነዚህ ግን ከተለመደው የወጡ ናቸው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም በ2014 ዓ.ም. ሕዝቡ በክሪፕቶ ከመገበያየት እንዲቆጠብ አስጠንቅቋል፤ ቅርንጫፍ ሄዶ «መልሱልኝ» የሚባልበት ጉዳይ አይደለም። ተማሪዬ በቴሌግራም «ገንዘብህን እናስመልሳለን» የሚል መልእክት ደርሶት ነበር፤ የጠየቁት ዋሌቱን የሚከፍቱትን አሥራ ሁለቱን የምስጢር ቃላት ነው። የምስጢር ቃላቱን የሚጠይቅ ማንኛውም ሰው ሌባ ነው።

በመጨረሻ «ቃላቱን ለማንም ስላልሰጠሁ ሌላው ንብረቴ አይነካም» አለኝ። ቶከን ለመለዋወጥ ግን ኮንትራቱ ከዋሌታችን እንዲወስድ ፈቃድ እንሰጣለን፤ ብዙ ጊዜም ፈቃዱ ገደብ የለውም። ኮንትራቱ ክፍተት ካለበት ወራሪው በዚያ ፈቃድ ይገባል፤ በሚያዝያ 2023 ሱሺስዋፕ የተባለው የቶከን መለዋወጫ ተጠቃሚዎች የተጎዱት በዚህ መንገድ ነው። የተማሪዬን የፈቃድ ዝርዝር አብረን ከፈትን፤ አራት ነበሩ፣ ሁለቱን መቼ እንደሰጠ አያስታውስም፣ አንደኛው ያልተገደበ ነው። ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ድረስ፣ ለእያንዳንዱ ትንሽ የዝውውር ክፍያ እየከፈለ፣ አራቱንም ሰረዛቸው።