ስቴጅድ ኦተንቲሲቲ ምንድን ነው? (ፌክ ማለት አይደለም)

ሰሞኑን አንዱ የሙርሲ ሴቶችን ፎቶ ለጥፎ «ይሄ ሁሉ ለፈረንጅ ተብሎ ነው፤ ስቴጅድ ኦተንቲሲቲ ይሉታል» ሲል አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ። ወንድሜ፣ አይሉትም።

ስቴጅድ ኦተንቲሲቲ በግርድፉ «ለእይታ የተሰናዳ እውነተኛነት» ማለት ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1973 ያመጣው አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ዲን ማካኔል ነው። ያወራው ስለ ውሸት ሳይሆን ስለ ቦታ ነው። ቤታችሁን አስቡ። እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል እንጂ ጓዳ አይገባም። ቱሪስት ግን የሚፈልገው ጓዳውን ነው፤ ሳሎንማ አገሩም አለው። ስለዚህ ጓዳ የሚመስል ሁለተኛ ሳሎን ይዘጋጅለታል፤ ምጣድ ያለበት፣ ጭስ ያለበት፣ እንግዳው «አሁን ገና የውስጡን አየሁ» ብሎ የሚወጣበት። ምጣዱ ምጣድ ነው፣ እንጀራውም ይበላል። የቤቱ ሰው የሚያማበትና የሚጣላበት ጓዳ ግን አንድ በር ወደ ኋላ ሸሽቷል።

ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ዶርዜ ብትወጡ ይሄንኑ ታያላችሁ። ለጎብኚ በተዘጋጀ ግቢ ውስጥ የቀርከሃው ቤት ይጎበኛል፣ እንሰት ሲፋቅ ይታያል፣ ሽመናው አለ፣ አረቄ ይቀመሳል፤ ሁሉም በአንድ ዙር። ሸማኔው የምር ሸማኔ ነው። የተለወጠው አቀማመጡ ነው፤ በየቤቱ የሚሠራው ሥራ ጎብኚ በሚዞርበት መስመር ተሰልፏል።

ሐመር ዘንድ ደግሞ የሚዘጋጅ ሳሎንም የለም። የከብት ዝላይ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ልጁ ሳይዘል ሚስት አያገባም፣ ቱሪስት መጣም ቀረም ይዘላል። ግን ካሜራ የያዘው ሰውዬ ከፍሎ ገብቶ ዘመድ ፊት ይገተራል። እዚህ ጋ ምኑ ነው ፌክ? ምንም። ቦታው ግን እንደ ድሮው አይደለም።

ወደ ሙርሲ ስንመለስ፣ የከንፈር ሸክላው የራሳቸው ነው። ራሳቸው ላይ የሚደራርቡት ቀንድና ጌጣጌጥ ግን በብዛት ለካሜራ የተጨመረ ነው፤ ፎቶ በብር ሲሆን ጎልቶ የታየ ይመረጣላ! ይሄን እያወቁ የሚያደርጉትን ሰዎች «ባህላቸው ጠፋ» ብሎ ማልቀስ ደግሞ ሌላው ያስመረረኝ ነገር ነው።

እግረ መንገዴን፦  ሙርሲና ሐመር በሚኖሩበት በታችኛው ኦሞ ሸለቆ የተለወጠውን ሁሉ ቱሪስት ላይ አትለጥፉ። የግልገል ጊቤ 3 ግድብ የኦሞን ወንዝ ሙላት ሲያስቀር ሙላት ጠብቆ የሚዘራው ሰው ማሳውን አጥቷል፣ የኩራዝ ስኳር እርሻም ግጦሽ ወስዷል። እሱ ሌላ ነገር ነው፤ በዚህ ስም አትጥሩት።